በበረዶ ግግርና በባሕር መካከል፤ በአይስላንድ ገበሬ ቤት ማደር

በራዲዮ ከተነገረው የተወሰደ



በአገራችን እንግዳ ሲመጣ የሚደረግለትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እግሩን ይታጠባል፤ ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፤ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል፤ ሌሊቱንም መደቡ ተለቆለት በሰላም ያድራል። በማግሥቱ ሲነሣ «ስንት ልክፈል?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ባለቤቱን እንደ ሰደበው ይቈጠራል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ልማድ ያደገ ሰው፤ የገበሬ ቤት በገንዘብ የሚታደርበት አገር አለ ሲባል ቢሰማ፤ በመጀመሪያ የሚመጣበት ስሜት መደነቅ ብቻ ሳይሆን ጥቂት ቅሬታም ጭምር ነው። እኔም ይኸው ስሜት ነበረብኝ። ዛሬ የማቀርብላችሁ ንግግር ይህ ልማድ በአይስላንድ ደሴት በበረዶ ግግርና በባሕር መካከል በሚኖሩት ገበሬዎች ዘንድ እንዴት እንደ መጣ፤ በቤታቸውም ያደረ ሰው ምን እንደሚያይና ምን እንደሚማር የሚያስረዳ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

አይስላንድ ለኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጨርሶ የማትታወቅ አገር አይደለችም። በዋና ከተማዋ በሬይኪያቪክ ከመሬት ውስጥ የሚወጣውን እንፋሎት ወደ ኤሌክትሪክ ኀይል ስለ መለወጥ ትምህርት የሚሰጥ ተቋም ከ1979 ጀምሮ ሥራውን ሲያካሂድ ቈይቷል፤ በስምጥ ሸለቆአችን በአሉቶ ላንጋኖና በሌላውም ስፍራ ስለዚሁ ጉዳይ የሚደክሙ ባለሙያዎቻችን በዚያ ሠልጥነዋል። እኔም ወደዚያ አገር የሄድሁት ስለዚሁ ትምህርት ለሚዘጋጅ ንግግር ጽሑፍ ለመሰብሰብ ነበር። ሥራዬን ስፈጽም አራት ቀን ተረፈኝ። ወቅቱም የመስከረም መባቻ ስለ ነበረ፤ ዐውደ ዓመትን በሆቴል ክፍል ብቻዬን ከማሳልፍ ይልቅ የገጠሩን ሕዝብ አይቼ ልመለስ ብዬ፤ በሕዝብ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ተጓዝሁ። ከሬይኪያቪክ በዚያ ጠረፍ እስካለችው እስከ ሆፍን ወደብ ድረስ መንገዱ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ወደ ገበሬው ቤት ከመግባታችን በፊት ቤቱ የቆመበትን ምድር መመልከት ይገባል፤ ምድሩን ያላወቀ ሰው የቤቱንም ነገር ሊረዳው አይችልምና። አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ የምትገኝ ደሴት ናት። ስፋቷ 103 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከኢትዮጵያ ስፋት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ ሕዝቧም 400 ሺህ አይደርስም። ከዚህም ሕዝብ ሦስት እጅ ቢደረግ ሁለቱ እጅ ያህል በሬይኪያቪክና በአካባቢዋ ይኖራል። ከምድሪቱ ዐሥረኛ እጅ የሚሆነው ከዓመት እስከ ዓመት በማይጠፋ በረዶ ተሸፍኗል።

ይህ በረዶ በሐምሌ ከደመና ወርዶ ቆርቆሮአችንን ደብድቦ ወዲያው የሚቀልጠው ዐይነት አይደለም። በክረምት የወረደው አመዳይ በበጋ ቀልጦ ሳያልቅ ሌላ ይደረብበታል። ይህም በብዙ መቶ ዓመታት ሲደራረብ፤ የታችኛው በላይኛው ክብደት ተጨፍልቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ከዚያም በኋላ በራሱ ክብደት እየተገፋ፤ በብርድ እንደ ረጋ ማር ቀስ እያለ ቁልቁል ይሄዳል። ሊቃውንት የበረዶ ግግር የሚሉት ይህንን ነው። ከእነዚህም ግግሮች ትልቁ ቫትናዮኩል ይባላል። ስፋቱ 7,700 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም ስለ ሆነ ጣና ሐይቃችንን ከእጥፍ በላይ ይበልጠዋል፤ ውፍረቱም በአማካይ ወደ 400 ሜትር ይጠጋል። ከዚህ ሁሉ በረዶ ሥር ደግሞ የሚነዱ እሳተ ገሞራዎች አሉ። እሳቱ በተነሣ ጊዜ በረዶው ከሥሩ ይቀልጥና ውሃው በድንገት ተገንጥሎ ወደ ሜዳው ይወርዳል።

ከቫትናዮኩል በስተደቡብ፤ ከተራራው ግርጌ እስከ ውቅያኖሱ ያለው መሬት በብዙ ስፍራ ከጥቂት ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በስተግራ ነጭና ሰማያዊ የበረዶ ምላሶች በገደሉ መካከል እየተንጠለጠሉ ይታያሉ፤ በስተቀኝ ጥቁር አሸዋ ነው፤ ከአሸዋውም ወዲያ ባሕሩ ያጓራል። ገበሬዎቹ የሚኖሩት በሁለቱ መካከል እንደ መቀነት በተዘረጋችው ቀጭን የሣር መሬት ላይ ነው።

ይህች መቀነት ብዙ ጊዜ ተበጥሳለች። በ1362 ከቫትናዮኩል ጋር ተያይዞ የሚገኘው የኦራይቫዮኩል እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በሥሩ የነበረውን ወረዳ በአመድና በጎርፍ አጠፋው። ወረዳው ቀድሞ ሊትላ ሄራድ፤ ማለት ትንሹ አውራጃ ይባል ነበር። ከጥፋቱ በኋላ ሰው ተመልሶ ሲሰፍርበት ኦራይቪ ተባለ፤ ትርጓሜውም ምድረ በዳ ማለት ነው። ዛሬም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ግድም ደግሞ ብርዱ ስለ በረታ ግግሩ ወደፊት ገፋ፤ ብሬይዳና ፍያል የተባሉትም የገበሬ ቤቶች ከነመስካቸው በበረዶው ሥር ተቀበሩ። በ1783 በምዕራብ በኩል ያለው የላኪ ስንጥቅ ተከፍቶ ስምንት ወር ያህል እሳትና መርዘኛ ጭስ ሲተፋ ከረመ። ሣሩ ስለ ተመረዘ ከብቱ አለቀ፤ ከአገሩም በጎች የሚበዙት ጠፉ። በረኀብም ምክንያት ከአይስላንድ ሕዝብ ከአምስት አንድ ያህሉ ሞተ። የኛ አባቶች ክፉ ቀን ብለው የሚያስታውሱትን ዘመን የሰማ ሰው ይህንን ታሪክ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ከዚህም ሁሉ በላይ የኦራይቪን ሰው ከዓለም ለይቶት የኖረው ወንዝ ነው። በስተምዕራብ የሚገኘው የስኬይዳራ አሸዋ ሜዳ ከግግሩ በሚወርዱ ብዙ ወንዞች የተቈራረጠ ስለ ሆነ፤ ወንዞቹም አልጋቸውን በየጊዜው ስለሚለዋውጡ፤ ድልድይ ሊሠራላቸው የማይቻል ይመስል ነበር። ስለዚህ ገበሬዎቹ የውሃ ፈረስ የሚሏቸውን፤ ጥልቁን ከጥልቅ ያልሆነው ለይተው የሚሻገሩ ፈረሶችን መርጠው ያሳድጉ ነበር። መንገደኛ በመጣ ጊዜም ገበሬው ፈረሱን ጭኖ ያሻግረዋል። የደሴቱን ዙሪያ የሚያካልለው አውራ ጎዳና ተገጣጥሞ የተከፈተው በ1974 ነው፤ ይኸውም በዚህ ሜዳ ላይ ያሉት ድልድዮች ባለቁ ጊዜ መሆኑ ነው። ከዚያም በኋላ በኅዳር 1996 ከግግሩ ሥር እሳተ ገሞራ በመነሣቱ የመጣው ጎርፍ ከድልድዮቹ አንዱን ጠራርጎ ሲወስድ የሌላውንም ክፍል ሰባበረ። የተጣመመው የድልድይ ብረት ለመታሰቢያ ከመንገዱ ዳር ተቀምጦ ይታያል፤ አውቶቡሳችንም በዚያ ሲያልፍ የሁላችን ዐይን ወደዚያው ዞረ።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። እንዲህ ያለ ምድር ላይ የኖረ፤ መንገደኛን በፈረስ ጀርባ ከሞት ያሻግር የነበረ ገበሬ፤ መኝታውን በገንዘብ ወደ መስጠት እንዴት መጣ?

ነገሩ የጀመረው ከበጉ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ በአይስላንድ የሚገኘው በግ ከ800 ሺህ በላይ ነበር። ይህም ሕዝቡ በልቶ ከሚጨርሰው በላይ ስለ ነበረ፤ መንግሥት ትርፉን ሥጋ ወደ ውጭ አገር ለመሸጥ ከግምጃ ቤቱ ብዙ ገንዘብ ያወጣ ነበር። ይህ አካሄድ ሊቀጥል ባለመቻሉ በ1985 በወጣው ሕግ ለእያንዳንዱ ገበሬ ሊያመርተው የሚገባው የሥጋና የወተት መጠን ተወሰነለት። የበጉ ቍጥር እየቀነሰ ሄዶ ዛሬ ከ400 ሺህ በታች ሆኗል። እንግዲህ መሬቱ ያው፤ ቤቱ ያው፤ ድካሙም ያው ሆኖ ገቢው ሲያንስ ገበሬው ምን ያድርግ? ብዙዎቹ በጎቻቸውን ሸጠው ወደ ከተማ ገቡ። ሌሎቹ ግን ልጆቻቸው ለትምህርት ወደ ሬይኪያቪክ ሲሄዱ ባዶ የቀረውን ክፍል አጽድተው፤ አልጋ ዘርግተው፤ ተራራና ባሕር ሊያይ የመጣውን መንገደኛ ተቀበሉበት። ከዚያ በፊትም ቢሆን አንዳንድ ቤቶች በበጋ እንግዳ ይቀበሉ ነበር፤ በ1980ም ገበሬዎቹ ራሳቸው ማኅበር አቋቁመው ሥራውን በጋራ ያካሂዱት ጀመር። የማኅበሩ ስም በቋንቋቸው የገበሬዎች የጉዞ አገልግሎት ማለት ነበር።

መጀመሪያ የነበረው ትንሽ ነገር ነው። በ2010 ወደ አይስላንድ የመጣው ጎብኚ ከግማሽ ሚሊዮን በታች ሲሆን በ2018 ግን 2 ሚሊዮን 300 ሺህ ደረሰ። ከዚህም የተነሣ አንዳንዱ የገበሬ ቤት ገበሬው የሌለበት ሆቴል ሆኗል፤ በግም የለ፤ ላምም የለ፤ አስተናጋጁም ከሌላ አገር ተቀጥሮ የመጣ ነው። በዚህ አልፈርድም፤ ሁሉም እንጀራውን ይፈልጋል። ነገር ግን ገንዘቡን አውጥቶ ገበሬ ቤት ለማደር የሚፈልግ ሰው፤ አስቀድሞ በጓሮው እንስሳ መኖሩን ቢጠይቅ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

እኔ ያረፍሁበት ቤት ከበረዶው ምላስ ፊት ለፊት፤ በአንድ ቋጥኝ ጥግ የተሠራ ባለ ቀይ ጣሪያ ቤት ነው። ደጁ ላይ ስደርስ የቤቱ እመቤት አስቀድማ ያመለከተችኝ ወደ ጫማዬ ነበር። በዚያ አገር ማንም ሰው በጫማው ወደ ቤት አይገባም። በር አጠገብ የጫማ መደርደሪያ አለ፤ እንግዳውም ካልሲውን ብቻ አድርጎ ይገባል። ቤተ ክርስቲያን እንደ መግባት ነው ብዬ በሆዴ አሰብሁ። መኝታው ሁለት ዐይነት ነው፤ አንደኛው አንሶላና ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ሲሆን፤ ሁለተኛው ዋጋው ዝቅ ያለ ሆኖ እንግዳው የራሱን የመኝታ ከረጢት ይዞ የሚመጣበት ነው። እኔ ከረጢት ስላልነበረኝ የተነጠፈውን ወሰድሁ። ከናንተ አልሸሽግም፤ ዋጋው ለመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ የሚቀል አይደለም። በዚያ አገር ርካሽ ነገር ቢኖር የቧንቧ ውሃ ነው፤ እርሱም ሳይፈላና ሳይጣራ ይጠጣል።

እራት የቀረበው ለሁሉም በአንድ ገበታ ነበር። የበግ ሥጋ፤ ድንች፤ ጥቁር ዳቦና ስኪር የሚሉት ከእርጎ የጠነከረ ከአይብ የለሰለሰ ወተት ነበረ። ከሥጋው አንደኛው በጭስ የደረቀ ነው። ጭሱ የምን እንደ ሆነ ስጠይቅ ባለቤትየው ሣቅ ብሎ «የበግ ፋንድያ ነው» አለኝ። ደሴቲቱ እንጨት የላትምና፤ የቀድሞ ሰዎች በበረት የተረገጠውን ፋንድያ እየቈረጡና እያደረቁ ያነዱት ነበር፤ ሥጋና ዓሣ በርሱ ማጠኑም እስከ ዛሬ አልቀረም። ሌላው እንግዳ ሁሉ ሹካውን ሲያስቀምጥ እኔ ግን በኩበት እሳት የበሰለ ስንቱን በልቼ ያደግሁ ስለ ሆንሁ ምግቤን ቀጠልሁ። ከዚህ በኋላ ባለቤትየው ከሌሎቹ ይልቅ ከኔ ጋር መጨዋወት አበዛ።

ስለ ቀድሞው ቤታቸውም የነገረኝ እንዲሁ ለኛ እንግዳ አይደለም። እንጨት ስለማይገኝ ግድግዳውና ጣሪያው ከነሥሩ ከተቈረጠ የሣር መሬት ይገነባ ነበር። በብዙ ቤትም ላሞቹ ከታች፤ ሰዎቹ ከላይ ሆነው ያድሩ ነበር፤ የከብቱ ትንፋሽ ቤቱን ያሞቀዋልና። በስካፍታፈል በ1912 የተሠራ እንዲህ ያለ ቤት ተጠብቆ ይታያል። በዚያው በኦራይቪ በሆፍ መንደር ደግሞ በ1884 የተሠራች፤ ጣሪያዋ በሣር የተሸፈነ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ በጥንቱ አሠራር ከተሠሩትም የመጨረሻይቱ ናት ይባላል። ሳያት የገጠር አጥቢያችን ትዝ አለኝ።

ከእራት በኋላ ቡና ተፈላ። የአይስላንድ ሰው ቡና እጅግ ይወዳል፤ ወደ ገበሬ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ፤ ጎረቤትም ይሁን ፖስተኛ፤ ቡና ሳይቀርብለት አይሄድም። እኔ ከቡና አገር የመጣሁ መሆኔን ሲሰሙ ቡናቸው እንዴት እንደ ሆነ ጠየቁኝ፤ እኔም እውነቱን ለመናገርና ጨዋነትን ለመጠበቅ በሁለቱ መካከል ተቸግሬ «ትኩስ ነው» አልሁ። በዚያ ምሽት የነበረብኝን ቅሬታ አንሥቼ፤ በኛ አገር እንግዳ ገንዘብ እንደማይከፍል ነገርኋቸው። እመቤቲቱ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፤ «አልጋውን እንሸጣለን፤ ቡናውን ግን አንሸጥም» ብላ መለሰችልኝ። እውነትም በማግሥቱ ሒሳቡን ሳይ ቡናው አልተጻፈም።

ባልየውም የጨመረልኝ አለ። በደሴቱ ሁሉ በማዕበል፤ በአመዳይ ወይም በግግሩ ላይ የጠፋውን ሰው ፈልገው የሚያድኑት ደመወዝ የማይከፈላቸው ፈቃደኞች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ገበሬዎች ናቸው። እርሱ ራሱ በክረምት ሌሊት መኪናቸው በአመዳይ የተያዘባቸውን ሰዎች ሊያወጣ ስንት ጊዜ እንደ ወጣ አይቈጥረውም። ያወጣቸውንም በዚሁ ቤት ሲያሳድራቸው ዋጋ አይጠይቅም። እንግዲህ የኛ ልማድና የነርሱ ልማድ እንደ ገመትሁት አልተራራቁም። ለሽርሽር የመጣው ይከፍላል፤ መንገድ የጣለው አይከፍልም። በኛም አገር በሰሜን ወሎ በመቄት አካባቢ ገበሬዎች በማኅበር ጎጆ ሠርተው መንገደኛ በክፍያ ያሳድራሉ፤ ይህን ያደረጉት የእግዜር እንግዳን መቀበል ትተው አይደለም።

በሁለተኛው ቀን ባለቤትየው የግግሩን ጠርዝ ሊለካ ሲሄድ አብሬው ሄድሁ። ይህ መለካት የራሱ ታሪክ አለው። በ1930 ዮን ኤይቶርሶን የተባለ የአየር ጠባይ ሊቅ፤ የበረዶ ምላሶቹ በየዓመቱ ወደፊት መምጣታቸውን ወይም ወደኋላ ማፈግፈጋቸውን ለማወቅ በየስፍራው ምልክት አስቆመ። ሊቁ ሁሉን ራሱ ሊለካ ስለማይችል ሥራውን ለአካባቢው ገበሬዎች አደራ ሰጠ። ከ1950 ወዲህም የአገሪቱ የግግር ጥናት ማኅበር ተቋቁሞ ይህንኑ ቀጠለበት። ገበሬው በመጸው ወራት ከምልክቱ ተነሥቶ እስከ በረዶው ጠርዝ ገመድ ይዘረጋል፤ ርቀቱን ይጽፋል፤ ይልካል። በኦራይቪ የክቪስኬር ወንድማማቾች የተባሉት ገበሬዎች በእንዲህ ያለው ምርምር በአገሩ ሁሉ ስማቸው የታወቀ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ገበሬ የጻፈው ቍጥር ዛሬ በዓለም ሊቃውንት መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል።

እኛም ከድንጋይ ክምሩ ተነሥተን በጠጠሩ ላይ ሄድን። ነገር ግን ገመዱን የምንዘረጋበት ስፍራ አልተገኘም። በምልክቱና በበረዶው መካከል ኩሬ ተፈጥሯል፤ በረዶውም ከኩሬው ማዶ ቆሟል። «አባቴ እዚህ ቆሞ በእጁ ይነካው ነበር» አለኝ። አሁን ርቀቱ የሚወሰደው በሳተላይት በሚመራ መሣሪያ ነው። እርሱም መሣሪያውን አውጥቶ፤ የሚገባውን ሁሉ አድርጎ፤ በትንሽ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ደብተሩ ሲጀመር በአባቱ እጅ ጽሕፈት የተጻፈ ነው።

ይህ የሆነው በአንድ ስፍራ ብቻ አይደለም። ከ1890 ግድም ወዲህ የአይስላንድ ግግሮች ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ለቅቀዋል። ከቤቱ በስተምሥራቅ ያለው የዮኩልሳርሎን ሐይቅ ለዚህ ዋና ምስክር ነው። በዚያ ስፍራ የግግሩ ጠርዝ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከባሕሩ አንድ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ነበረ፤ ሐይቅም አልነበረም። በ1930ዎቹ በረዶው ሲሸሽ በኋላው የቀረው ጉድጓድ ውሃ መያዝ ጀመረ። ዛሬ ከ240 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፤ በአገሪቱም ካሉት ሐይቆች ሁሉ የጠለቀ ሆኗል። ከግግሩ የሚቈረሱት የበረዶ ቋጥኞች በሐይቁ ላይ ተንሳፍፈው ይቈዩና በአጭር ወንዝ ወደ ባሕር ይወጣሉ፤ ማዕበሉም መልሶ በጥቁሩ አሸዋ ላይ ይጥላቸዋል። ፀሐይ ሲያርፍባቸው መስተዋት ይመስላሉ። የማየውን ውበት መካድ አልችልም፤ ነገር ግን ያ ውበት የሚገኘው ግግሩ እየፈረሰ በመሄዱ መሆኑን ከሰማሁ በኋላ እንደ መጀመሪያው አድርጌ ልመለከተው አልተቻለኝም።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። የበረዶው ሸክም ሲቀልለት ምድሪቱ ራሷ ቀና ትላለች። በሆፍን ወደብ ዙሪያ መሬቱ በየዓመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ይላል። ባሕሩ በሌላው ዓለም ወደ ምድር ሲገፋ በዚያ ግን የወደቡ መግቢያ እየጐደለ መርከብ እንዳያግድ ይፈራል። በባሕር ሥር ጭቃ ውስጥ ከሚያድሩት ሸርጣን መሰል የባሕር እንስሳት ሆፍን ብዙ ታገኝ ነበር፤ እነርሱም ስላነሱ ማጥመዱ በ2022 ተከለከለ።

አደጋውንም ሳልናገር ብቀር የንግግሬ ጉድለት ይሆናል። ባሕሩ ጸጥ ብሎ ሳለ ድንገት አንድ ረጅም ማዕበል መጥቶ የቆመውን ሰው ይወስዳል፤ በደቡቡ ጠረፍ በዚህ ዐይነት ብዙ ጎብኚዎች ሞተዋል። በግግሩ ላይ ያለ መሪ መውጣትም እንዲሁ ነው፤ በነሐሴ 2024 በብሬይዳመርኩርዮኩል ላይ በረዶ ተደርምሶ መሪ ይዘው ከሄዱት ጎብኚዎች መካከል እንኳ አንድ ሰው ሞቷል። የኦራይቫዮኩል እሳተ ገሞራም በ2017 የመንቀሳቀስ ምልክት ስላሳየ ከዚያ ወዲህ በመሣሪያ በቅርብ ይጠበቃል። እሳቱ ቢነሣ ጎርፉ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከመንገዱ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በመኝታ ክፍሌ በር ላይ፤ ማስጠንቀቂያ ቢመጣ በየት በኩል ወደ ከፍታ እንደሚወጣ የሚያሳይ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። እመቤቲቱ ጫማዬን ካስወለቀችኝ ቀጥላ ያስነበበችኝ ይህንኑ ነው። ስለ ሞቀ ውሃና ስለ ቁርስ ሰዓት የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነበር።

ሦስተኛው ቀን የበጉ መሰብሰቢያ ነበር። በጎቹ በበጋ ያለ እረኛ በተራራው ይለቀቃሉ፤ በመስከረም ግን የአካባቢው ገበሬ ሁሉ በእግርና በፈረስ ወጥቶ ያወርዳቸዋል። ከዚያም በአንድ ክብ በረት ገብተው እያንዳንዱ ገበሬ በጆሯቸው የተቈረጠውን ምልክት እያየ የራሱን ይለያል። ከተማ የገቡት ልጆችና የልጅ ልጆች ሁሉ ለዚያ ቀን ይመለሳሉ፤ ትምህርት ቤትም ቢሆን ፈቃድ ይሰጣል ብለውኛል። እኔንም ባዶ እጄን ቆሜ አላዩኝም፤ በግ በቀንዱ ይዤ ወደ በረቱ እንዳስገባ ታዘዝሁ። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ሦስተኛውን በግ ግን አስገባሁት፤ የበጉ ባለቤት የሆነች አሮጊትም በትከሻዬ ላይ መታ መታ አደረገችኝ። ዕለቱ እንቍጣጣሽ መሆኑን ለማንም አልተናገርሁም ነበር። ማታ ግን ስነግራቸው አንድ ወጣት ልጅ ወጥታ ቢጫ አበባ ፈልጋ አጣችና፤ በበረዶው ምላስ አጠገብ የበቀለ ቀይ የቅጠል ዘንግ አምጥታ ሰጠችኝ።

ስሄድ በእንግዳ መዝገብ ላይ ስሜን እንድጽፍ ተሰጠኝ። በዚህ ነገር አንድ ማስረዳት አለብኝ። አብዛኛው የአይስላንድ ሰው እንደ ኛ የቤተ ሰብ ስም የለውም፤ የሚከተለው የአባቱ ስም ነው፤ ወንድ ከሆነ የእገሌ ልጅ፤ ሴት ብትሆን የእገሌ ሴት ልጅ እየተባለ ይጠራል። የስልክ መዝገባቸውም የሚደረደረው በራስ ስም ነበር፤ የአገሩ ፕሬዚዳንት እንኳ የሚጠራው በገዛ ስሙ ነው። በጉዞዬ ሁሉ በአውሮፓ ሆቴሎች ጸሐፊዎቹ ዘወትር በአባቴ ስም ይጠሩኝ ነበር፤ እኔም ዞሬ አባቴን ስፈልግ እንደ ነበረ ልትገምቱ ትችላላችሁ። እመቤቲቱ ግን መዝገቡን ገልጣ ስሜን አነበበችና የአባቴን ስም በጣቷ እየጠቆመች «ይህ አባትህ ነው አይደለም?» ብላ ጠየቀችኝ። ነው አልኋት። በስሜ ጠርታ ደኅና ሁን አለችኝ፤ ጫማዬን አድርጌ ወደ አውቶቡሱ ወረድሁ።